ደጅ ጠባቂው ሲያመው

ሌሊት ጅብ በረቱን ሲዞር ያልጮኸ ውሻ ጠዋት የሚጠብቀው ዱላ ነው። “ሰነፈ”፣ “አረጀ”፣ “መብላትና መተኛት ብቻ ሆነ” ይባላል። በግ የተበላበት አባወራ ቢበሳጭ አይፈረድበትም። ያንኑ ውሻ ቀን ላይ ረጋ ብሎ ያየው ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ውሻው ለመነሳት የፊት እግሮቹን ተክሎ የኋላውን ይጎትታል፤ ከተነሳ በኋላ ጥቂት እርምጃ እያነከሰ ሄዶ ቀስ በቀስ ይፍታታል፤ አንዱን እግሩን ደጋግሞ ይልሳል። ሲጠሩት ጅራቱን ይቆላል እንጂ አይመጣም። ስንፍና የተባለው ሕመም ነው፤ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀላል እንክብካቤ ሊቀንስ ይችላል።

በገጠር ቤት የውሻ ድርሻ ቀላል አይደለም። ማታ በረት ይጠብቃል፣ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ ከማሳ ያባርራል፣ ከእረኛ ልጆች ጋር ይውላል፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳውቃል። በሬ ሲያነክስ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራል። ውሻ ሲያነክስ ግን “ይተወዋል” ተብሎ ይታለፋል። አማርኛ ራሱ ፈራጅ ያጣን የከንቱ ሞት “ደመ ከልብ” ይለዋል፤ የውሻ ደም እንደማለት ነው።

ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ ቢሆንም በቂ ነበር። ነገር ግን የሚያመው ውሻ ሥራውን አይሠራም፤ ከዚያም በላይ የሚያመው ውሻ ይናከሳል። ዘወትር አብሮት የሚጫወት ሕፃን የታመመ ጎኑን ሲደገፍበት ቀና ብሎ የሚነክስ ውሻ ጠባዩ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእብድ ውሻ በሽታ በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የውሻውን ሕመም ማየት የልጁን ደኅንነትም ማየት ነው።

ዛሬ የእንስሳት ደኅንነት ሲባል በየአገሩ የሚጠቀሱት “አምስቱ ነፃነቶች” መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝ የቀረበ የጥናት ሪፖርት ነው። ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመም፣ ከጉዳትና ከበሽታ፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆን፣ እንዲሁም ተፈጥሯዊ ጠባይን መግለጽ መቻል ናቸው። በመጀመሪያ የታሰቡት ለእርባታ እንስሳት ነበር። ለውሻ ሲተረጎሙ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ንጹሕ ውኃ፣ ደረቅ መኝታ፣ የማይቆርጥ ገመድ፣ ክትባት፣ ሲታመም የሚያይ ዓይን ነው።

ሕመም እንዴት ይታወቃል?

ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ሁልጊዜ ያለቅሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይታለላል፤ እግሩ የተሰበረ ውሻ እንኳ ጸጥ ብሎ ሊተኛ ይችላል። በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ለዚህ የሚሆን ቀላል መለኪያ አዘጋጅተዋል። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ስድስት ነገሮችን ማየት ብቻ ነው፦ ውሻው ድምፅ ያሰማል ወይ? የቆሰለ ቦታውን ይልሳል ወይስ ይነክሳል? ሲሄድ ያነክሳል ወይስ ለመነሳት እንቢ ይላል? ቁስሉ አጠገብ በቀስታ ሲነካ ዞር ብሎ ያያል፣ ያጉረመርማል ወይስ ይናከሳል? መንፈሱ ደስተኛ ነው ወይስ የፈዘዘ? አቀማመጡ የተፍታታ ነው ወይስ ጀርባውን አጉብጦ የተኮማተረ? እያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለው፤ ድምሩ ከ24 ወደ 6 ሲደርስ ሕመም ማስታገሻ ሊያስፈልገው ይችላል ማለት ነው። መለኪያው የተሠራው ለድንገተኛ ሕመም፣ በተለይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላለው ነው። ሆኖም ጥያቄዎቹን በቀበሌ የሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያም፣ የውሻው ባለቤትም ሊጠይቃቸው ይችላል።

ቀስ ብሎ የሚመጣው የእርጅና የመገጣጠሚያ ሕመም ለማወቅ ይከብዳል። ጠዋትና በብርድ ጊዜ ይብሳል። የሚታመመው እግር ጭን ከሌላው እየሳሳ ይሄዳል። ድሮ በአንድ ዝላይ የሚያልፈውን አጥር ዞሮ መግባት የጀመረ ውሻ ምልክቱን እየሰጠ ነው።

ድንገት ያነከሰን ውሻ ደግሞ ከሁሉ በፊት መዳፉን ማየት ነው። በጣቶቹ መካከል የገባ እሾህ ወይም የተጣበቀ መዥገር ለሳምንታት ሊያስነክሰው ይችላል፤ ሲወጣለት በማግስቱ የሚሮጥ አለ።

ከርኅራኄ በፊት ጥንቃቄ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በገጠር ሰው የሚሞትበት ስሕተት ያለው እዚህ ነውና። መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ለሐጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። አዛኝ ባለቤት እጁን ወደ አፉ ሰዶ አጥንቱን ይፈልጋል። አጥንት ላይኖር ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻን ሲያሽመደምድ መልኩ ይኸው ነው። በሽታው ሁልጊዜ በሚሮጥና በሚናከስ ውሻ መልክ አይመጣም። ጸጥ ብሎ ጨለማ ጥግ የሚፈልግ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ የሚንገዳገድ ውሻም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ውሻው ያለ ምክንያት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ባለፉት ወራት በማይታወቅ ውሻ ወይም አውሬ ከተነከሰ አይነካም፣ አይታሰርም፣ አይዳሰስም። በር ተዘግቶበት ባለሙያ ይጠራል። ለሐጭ መዝረክረክና መንቀጥቀጥ ከመዥገር መድኃኒት መመረዝም ሊመጣ ስለሚችል፣ በቅርቡ ምን እንደተረጨበት ወይም እንደተቀባ ለባለሙያው መንገር ይጠቅማል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ተገድሎ መጣል የለበትም፤ ለ10 ቀን ተለይቶ ቢጠበቅ በሽታው እንዳለበትና እንደሌለበት ይታወቃል። ሰውየው ግን የ10 ቀኑን ውጤት እየጠበቀ ሕክምናውን ማዘግየት የለበትም። የበሽታው ምልክት አንዴ በሰው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ከቤት ያለው ሕክምና

ውሻው የታወቀ፣ የተከተበና የሕመሙ ምክንያት ግልጽ ከሆነ በቤት ብዙ ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ አፉን ማሰር ነው፤ የሚወድደውን ጌታ እንኳ ሕመሙ ሲነካ ሊነክስ ይችላል። ለስላሳ የነጠላ ቁራጭ በአፉ ዙሪያ ከላይ አንዴ፣ ከአገጩ ሥር አንዴ ተጠምጥሞ ከጆሮው ኋላ ይቋጠራል። የሚያስመልሰው ወይም መተንፈስ የከበደው ውሻ ግን አፉ አይታሰርም።

ወለምታ ወይም ምት ያገኘው እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቅዝቃዜ ይወድዳል፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። የቆየና የደረቀ የመገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ሙቀት ይሻላል። ጨርቁ ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ በራስ እጅ ጀርባ ከተሞከረ በኋላ ይደረግበታል። ዕረፍት ማለት ግን ወር ሙሉ አስሮ ማስቀመጥ አይደለም። ያረጀ ውሻ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ይብስበታል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር መንገድ በዝግታ መሄድ ጡንቻውን ይጠብቅለታል። መኝታው ከመሬት ቅዝቃዜና ከእርጥበት የተለየ ይሁን። ጭድ የተሞላ ጆንያ ይበቃል፤ ቁንጫ እንዳይራባበት ጭዱ እየተለወጠ፣ ጆንያው ፀሐይ ላይ እየተሰጣ። በደጋ አካባቢ ይህ አንድ ነገር ብቻ የሽማግሌ ውሻን ጠዋት ይለውጠዋል።

ቁስል ተፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ይታጠባል፤ ለአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው። ቁስሉ ጥልቅ ካልሆነ ንጹሕ ማር ቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይቻላል። ማር ተሕዋስያንን እንደሚከላከል በሕክምናም የታወቀ ነው፤ ውሻው ይልሰዋል እንጂ አይጎዳውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ውኃና የከብት መዥገር መድኃኒት ቁስል ወይም እከክ ላይ ማፍሰስ ግን ሥቃይ መጨመር ነው። ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ሲልሳቸውም ይመርዙታል።

የጅብና የነብር ንክሻ የተለየ ነው። ከላይ የሚታየው የጥርስ ቀዳዳ ትንሽ ሆኖ ከቆዳው ሥር ሥጋው ተቀዳዶ ይገኛል። ቀዳዳው ተደፍኖ ከዳነ በውስጡ መግል ይቋጥራል። ታጥቦ ሳይሰፋ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ መወሰድ አለበት፤ አውሬው ሊያስተላልፈው ስለሚችለው የእብድ ውሻ በሽታም ለባለሙያው ይነገራል። የሚያጥበው ሰው ጓንት ወይም ያልተቀደደ ፌስታል በእጁ ያጥልቅ።

የሰው ክኒን ለውሻ

ብዙ ውሻ የሚጎዳው በጭካኔ ሳይሆን በደግነት ነው። “እኔን ያሻለኝ እሱንም ያሽለዋል” ተብሎ ከኪስ የሚወጣ ክኒን አለ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል መጠኑ ሲያልፍ ጉበቱንና ቀይ የደም ሕዋሱን ያጠፋል። ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ የድድ መገርጣት ወይም መጥቆር የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ምንም የሰው ሕመም ማስታገሻ ለውሻ አይሰጥም።

ለውሻ የሚሆኑ ማስታገሻዎች አሉ፤ ሜሎክሲካም አንዱ ነው። ነገር ግን በክብደት የሚሰላ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በኋላ በቀን በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም። ለከብት ተብሎ የሚመጣው መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም የያዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ለ15 ኪሎ ውሻ የመጀመሪያው ቀን መጠን 0.15 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል። በዓይን ግምት የሚሞላ መርፌ ያንን በቀላሉ አምስት እጥፍ ያደርገዋል። ውኃ ለጠማው፣ ለሚያስመልሰው ወይም ዴክሳሜታሶን ለተወጋ ውሻ ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም። ክብደት መለካት አያስቸግርም፤ ሰውየው ውሻውን አቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ለብቻው ይወጣል፣ ልዩነቱ የውሻው ነው።

ዳይክሎፌናክ ከተነሳ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በሕንድና በፓኪስታን ይህ መድኃኒት ለከብት ሕመም በስፋት ሲሰጥ የሞቱትን ከብቶች የበሉ ጥንብ አንሣዎች በኩላሊት ሕመም አለቁ፤ ከአንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ጠፋ። ጥንብ የሚያነሣ ሲጠፋ ሬሳው ለባለቤት አልባ ውሾች ቀረ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒቱን ለእንስሳት ከልክላ ባለሙያዎች ወደ ሜሎክሲካም እንዲዞሩ አድርጋለች። ጥንብ አንሣ በሚያንዣብብባቸው የኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ለሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ምርጫው ከአንድ በሬ በላይ ነው።

በእጅ የሚመጣ ሕመም

አንዳንዱ ሕመም በሽታ አይደለም። ኃይለኛ ይሆናል፣ በደንብ ይሰማል ተብሎ የቡችላ ጆሮ በምላጭ ይቆረጣል። ማደንዘዣ የለም፣ ደም ይፈስሳል፣ ዝንብ ይወርሰዋል። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ከሌላው የተሻለ አይሰማም፣ የተሻለም አይጠብቅም። ያነከሰን እግር በጋለ ብረት መተኮስም እንዲሁ ነው፤ ከመገጣጠሚያው ሕመም ላይ የእሳት ቁስል ይጨምርበታል። ቡችላ ሳለ የታሰረ ገመድ ውሻው ሲያድግ ሳይላላ ቆይቶ አንገቱን ቆርጦ የሚገባበት ጊዜም አለ። በገመዱና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ካላስገባ ጠብቋል ማለት ነው።

ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ፀሐይ ላይ ታስሮ የሚውል ውሻ ማታ ሲፈታ የሚያሳየው ቁጣ ጀግንነት ይመስላል። አብዛኛው ግን ፍርሃትና ብስጭት ነው። ጥላ፣ ውኃ የተሞላ ገበቴና ረዘም ያለ ገመድ ያለው ውሻ ሌባና እንግዳን ለይቶ መጮህ አያቅተውም።

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” የሚባለው አለምክንያት አይደለም፤ ግን የሚበላው ነገር ይታሰብበት። ከእርድ የሚተርፍ ጉበት፣ ሳንባና የበግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት በውሻው አንጀት ውስጥ ትንንሽ የኮሶ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል በሰገራው ወጥቶ በሣርና በውኃ ወደ በግ፣ ወደ ከብት፣ ወደ ሰውም ይመለሳል። በአንድ አቅጣጫ እየዞረ የሚወድቀው በግ፣ አርሶ አደሩ “አዙሪት” የሚለው፣ በአንጎሉ ውስጥ የያዘው የሌላ የውሻ ኮሶ ከረጢት ነው። ውሻው ራሱ ብዙም አይታመምም፤ በጎቹ ግን ያልቃሉ። ከረጢት ያለበት ብልት ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ የበግ ጭንቅላት ሳይቀቀል አይሰጥም፤ ውሻው ደግሞ በዓመት ከአራት ጊዜ ያላነሰ ፕራዚኳንቴል ይሰጠዋል። አንድ የመድኃኒት ክኒንና አንድ የሞተ በግ ዋጋቸው ሲተያይ ሒሳቡ አያከራክርም።

የወረዳው ድርሻ

ወረዳዎች ውሻን የሚያስታውሱት በሁለት ምክንያት ነው፤ ሰው ሲነከስና ውሻ ሲበዛ። የሁለቱም መልስ ብዙ ጊዜ መርዝ ነው። ስትሪክኒን የበላ ውሻ አእምሮውን ሳይስት በመንፈራገጥ ታፍኖ ይሞታል፤ ሥጋውን የነካ አሞራም አብሮ ይሞታል። ያም ሆኖ በሽታውን አያቆመውም። የተከተበው ከያልተከተበው ጋር ሲገደል ባዶውን ቦታ ካልተከተበ ሰፈር የመጣ ውሻ ይሞላዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የዓለም እንስሳት ጤና ድርጅት የሚመክሩት በየአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መከተብና ይህንኑ ሳያቋርጡ መቀጠል ነው። ዓለም በውሻ የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ግብ ጥሏል።

በስሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በባሌ አጠገብ ላሉ ወረዳዎች ሌላም ምክንያት አለ። በምድር ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ የባሌዎቹን እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የጎዳቸው የእብድ ውሻ በሽታ ምንጩ ያልተከተቡ የመንደር ውሾች ናቸው።

የክትባት ቀን እንግዲህ ለሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ውሻው አንዴ በገመድ ተይዞ፣ ብዙ ጊዜ በሚያውቀው ልጅ እጅ፣ ከመጣ በኋላ መርፌ ወግቶ መመለስ ዕድል ማባከን ነው። ገመዱ ተነሥቶ አንገቱ ይታይ፤ መዳፉና ጆሮው ይታይ፤ የኮሶ መድኃኒቱ እዚያው ይሰጥ፤ ስድስቱ ጥያቄዎች ለባለቤቱ ይጠየቁ። ለአንድ ውሻ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀኑ ከአጨዳና ከውቂያ ወራት ውጭ ሆኖ ከሳምንት በፊት በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቢነገር ሰው ይመጣል። ውሻ የሚይዙ ሠራተኞችም ራሳቸው አስቀድመው መከተብ አለባቸው፤ ያልተከተበ ሰው ውሻ እንዲይዝ ማሰማራት ከኃላፊ አይጠበቅም።

በመጨረሻ የማይድን ውሻ አለ። አከርካሪው የተሰበረ፣ ጅብ የቀደደው፣ እርጅናው ከመብላትም ከመነሳትም ያገደው። ብዙ ቦታ የሚጠብቀው ድንጋይ፣ ገመድ ወይም ገደል ነው። በባለሙያ እጅ በደም ሥር የሚሰጥ ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ ውሻውን በጥቂት ሰኮንዶች ያስተኛዋል፤ ከእንቅልፉ ሳይነቃ በደቂቃዎች ውስጥ ልቡ ይቆማል። ባለቤቱ ራሱን ይዞ በስሙ እየጠራው ቢቆይ ፍርሃቱ ይቀንሳል። መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ስለሚቆይ ሬሳው ለአሞራና ለጅብ አይጣልም። ከአንድ ሜትር ያላነሰ ጉድጓድ ይቆፈርለታል፤ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ጅብ እንዳይጭረው ትልልቅ ድንጋይ ይደረደርበታል።